የጥቂቶች ቋንቋ፦ ከስኖው ማውንቴን እስከ ጭልጋ

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



 አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ ቋንቋ አንድ ነገር በሉን» ሲለን መጀመሪያ የመጣልን መልስ «ለዚህማ ምሁራን አሉ» የሚል ነበር። እኛ ቀኑን መሪ ጨብጠን፣ ሌሊቱን ኤርፖርት ተሰልፈን የምናሳልፍ የታክሲ ሾፌሮች ነን። ስድስት ኪሎ የቋንቋ ትምህርት ክፍል ጥቂት ዓመት ተቀምጠናል፤ ዲግሪውን ግን ሳንይዝ ነው ወደዚህ የመጣነው። ሆኖም ስናስበው፣ በዚህ ከተማ በአንድ ፈረቃ ውስጥ የታክሲ ሾፌርን ያህል የቋንቋ ዓይነት የሚሰማ ሰው ያለ አይመስለንም። ከኋላ ወንበር ላይ ስፓኒሹ፣ ቻይንኛው፣ ታጋሎጉ፣ ኮሪያኛው ሲነገር ያድራል። ስለዚህ እንደ ምሁር ሳይሆን እንደ ሰሚ ለመናገር ተስማማን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳስባለን።

የምንናገረው ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ስለሚናገራቸው ቋንቋዎች አይደለም። ጥቂት ሰዎች ብቻ ስለቀሩላቸው ቋንቋዎች ነው፤ እነርሱን ለመመለስ ምርምርና ሬዲዮ ምን እንደሠሩ፣ ምንስ እንዳልሆነላቸው። ለዚህም ሩቅ አንሄድም፤ ከዚሁ ከሰፈራችን እንነሣለን።

ከሎን ማውንቴን መንገድ ወጥተን በ95 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ምዕራብ ሩብ ሰዓት ያህል ብንነዳ ስኖው ማውንቴን የሚል መውጫ እናገኛለን። ከመካከላችን ጎልፍ ተጫዋች ወደዚያ ያላደረሰ ሾፌር ጥቂት ነው። ቦታው የላስ ቬጋስ ፓዩት ሕዝብ መሬት ነው። በተለምዶ «ቀይ ሕንዶች» ከምንላቸው ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ናቸው፤ እነርሱ ግን ራሳቸውን «ኑዉቪ» ብለው ይጠራሉ፤ «ሰዎች» ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሆቴልና መብራት ሳይኖር፣ ከተማዪቱም በ1905 በጨረታ ተሸንሽና ሳትሸጥ፣ የዚህን ሸለቆ ምንጮች የሚያውቁና የሚጠቀሙባቸው እነርሱ ነበሩ። በ1911 ሄለን ስቱዋርት የተባለች ባለ ርስት 10 ኤከር መሬት በ500 ዶላር ለመንግሥት ሸጠችና የእነርሱ መኖሪያ ሆነ። ያ 10 ኤከር ዛሬም ከመሐል ከተማው አጠገብ፣ በሰሜን ሜን ስትሪት በኩል አለ። በስኖው ማውንቴን ያለው ወደ 3,800 ኤከር የሚጠጋ መሬት የተመለሰላቸው ግን በ1983 ነው። ፓረምፕ ሰው ያደረሳችሁ ሁሉ ሳታስቡት አንድ የፓዩት ቃል ስትናገሩ ኖራችኋል፤ በከተማዋ ስም መጀመሪያ ላይ ያለው «ፓ» ውሃ ማለት ነው።

ይህ ቋንቋ እንዴት እንደተጻፈ ታሪኩ ይገርማል። በ1879 በፔንሲልቬንያ ግዛት ካርላይል የሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዓላማው የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከወላጆቻቸው አርቆ እንደ ነጭ ማሳደግ ነበር፤ ፀጉራቸው ይቆረጣል፣ ስማቸው ይለወጣል፣ በቋንቋቸው ሲናገሩ ቢገኙ ይቀጣሉ። በ1910 ኤድዋርድ ሳፒር የተባለ ወጣት የቋንቋ ተመራማሪ ከዚያ ትምህርት ቤት አንድ የፓዩት ወጣት አገኘ፤ ስሙ ቶኒ ቲሎሃሽ ይባላል። ፊላዴልፊያ ላይ ለጥቂት ወራት አብረው ሠሩ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይጽፋል። ተረቱ፣ ዘፈኑ፣ የግሱ አረባብ ሁሉ ወረቀት ላይ ሰፈረ። ሥራው በ1930 እና በ1931 ሰዋስው፣ ተረቶችና መዝገበ ቃላት ሆኖ ታተመ፤ ዛሬም የቋንቋ ተማሪ የሆነ ሁሉ ስሙን ይሰማል። ቋንቋውን ሊያስረሳው ከተሠራ ቤት የወጣ አንድ ልጅ ቋንቋውን ከመቶ ዓመት በላይ አቆየው።

ከዚያ ሥራ አንዱን ነገር ስድስት ኪሎ ሳለን ሰምተን እስከ ዛሬ አልረሳነውም። ሳፒር ቶኒን «ውሃው ዘንድ» የሚለውን የፓዩት ቃል በክፍል በክፍል ለያይተህ ተናገር አለው። ቃሉ ለውጭ ሰው ጆሮ «ፓቫ» የሚል ይመስላል። ቶኒ ግን «ፓ» አለ፤ ትንሽ ቆየ፤ ደግሞም «ፓ» አለ። «ቫ» አላለም። ተናጋሪው በልቡ የሚያውቀው ድምፅና እንግዳው በጆሮው የሚሰማው ድምፅ አንድ አይደሉም ማለት ነው። ሳፒር ይህን በ1933 ጽፎ ለቋንቋ ሊቃውንት ሁሉ ትምህርት አደረገው። ምርምር ማለት የተማረው ላልተማረው የሚያደርገው ችሮታ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ፣ እዚህ ላይ ማን ማንን እንዳስተማረ ቢያስብ ደግ ነው።

መጽሐፉ ግን ብቻውን ልጅ አላናገረም። የአሜሪካ ምክር ቤት የነባር ሕዝቦችን ቋንቋ መጠበቅ የመንግሥት ፖሊሲ ነው ብሎ በሕግ ያወጀው በ1990 ነው፤ ካርላይል በ1918 ከተዘጋ ከ72 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በዚያ መካከል ስንት አያት በልጅ ልጇ ፊት ዝም ብላ ሞተች? ዛሬ ፓዩትኛን ከእናት ጡት ጋር የጠቡት በአብዛኛው ሽማግሌዎች ናቸው። ቋንቋው ጠንክሮ ከቆየባቸው ቦታዎች አንዱ ለቅሶ ቤት ነው፤ የጨው ዘፈኖች የሚሏቸው አሉ፣ ለሟች ሌሊቱን ሙሉ እስከ ንጋት የሚዘፈኑ። ሙሾ የምናውቅ ሰዎች ይህ ይገባናል። ሰው ለዜናው ቋንቋ ቢለውጥ ለሞቱ በቀላሉ አይለውጥም።

አሁን ወደ ሀገራችን እንሻገር። ጋፋት ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ያለው ቦታ ነው። ጋፋት ግን ሕዝብም ቋንቋም ነበረ፤ በጎጃም በዓባይ አካባቢ ይነገር የነበረ፣ ለአማርኛ የሥጋ ዘመድ የሆነ ቋንቋ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን ሀገራችን በነበረ ጊዜ መኃልየ መኃልይን ወደ ጋፋትኛ አስተርጉሞ ይዞ ሄደ፤ ጽሑፉ ዛሬ ኦክስፎርድ ይገኛል። በ1947 ቮልፍ ሌስላው ጎጃም ወርደው ተናጋሪ ሲፈልጉ፣ ብዙ ከደከሙ በኋላ ያገኙት አራት ሰዎች ብቻ ነበር። ከእነዚያ የሰሙትን በ1956 መጽሐፍ አድርገው አወጡ። ሌስላው ኋላ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዘመን ያስተማሩ፣ በ2006 በ100 ዓመታቸው ያረፉ ሰው ናቸው፤ በእኛ አነዳድ ከዚህ አራት ሰዓት ማለት ነው። ዛሬ ስለ ጋፋትኛ የሚታወቀው ነገር ከሞላ ጎደል በዚያ ትርጉምና በአራት ሰዎች አፍ ላይ የቆመ ነው። እንግዲህ ለጋፋትኛ ሬዲዮ ቢከፈትለት አድማጭ የለው፣ ትምህርት ቤት ቢሠራለት አስተማሪ የለው። ሌስላው አሥርና ሃያ ዓመት ዘግይተው ቢደርሱ ኖሮ ያችኑም አናገኝም ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌያችን በሕይወት ያለ ነው፤ ስለዚህም ይበልጥ ያሳስበናል። በጎንደር ዙሪያ፣ በጭልጋና በከርከር የሚነገረው ቅማንትኛ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የ1994ቱ የሕዝብ ቆጠራ 172,327 የቅማንት ተወላጆችን መዘገበ፤ አፉን በቅማንትኛ የፈታው ግን 1,625 ሰው ብቻ ሆነ። ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ምሁር ዘለዓለም ልየው መንደር ለመንደር ዞረው ያጠኑትን በ2003 በመጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ ሰዋስው ብቻ አይደለም፤ አንድ ቋንቋ ቦታውን ለሌላው እንዴት እንደሚለቅ የሚያሳይ ነው። ገበያው አማርኛ፣ ትምህርት ቤቱ አማርኛ፣ ፍርድ ቤቱ አማርኛ ሆነ፤ የሚናገሩትም ይናቁበት ነበር። ቅማንትኛ ለሽማግሌዎች ጨዋታና ወምበር የሚባለው የሃይማኖት መሪ ለሚመራው ለጥንቱ ጸሎት ቀረ። ወላጅ ልጁን ከንቀት ሊያድነው ብሎ በአማርኛ አሳደገው። ክፉ ወላጅ ስለሆነ አይደለም፤ ለልጁ ያዋጣል ያለውን አደረገ። እዚህ አገር እንግሊዝኛውን ለልጆቻችን ስናስቀድም የምንሰጠውም ምክንያት ያው ነው።

በቅማንት ስም በኋላ በአካባቢው ደም እንደፈሰሰ እናውቃለን። የወሰንና የአስተዳደሩ ጥያቄ በዚህ አዳራሽ የሚፈታ አይደለምና አንገባበትም። ነገር ግን አንዲት አሮጊት በልጅነቷ የጸለየችበትን ቃል መቅዳት ለማንም ወገን መሣሪያ ማቀበል አይሆንም። ለአማርኛ ተናጋሪውም ቢሆን ይህ የሰው ጉዳይ አይደለም። ግዕዝ ብዙውን ጊዜ ግሱን ያስቀድማል፤ አማርኛ ግን «ልጁ ውሃ ጠጣ» ብሎ ግሱን ወደ መጨረሻ ያመጣል። ይህን ልማድ አማርኛ ከኩሽ ቋንቋዎች፣ ከእነርሱም በተለይ ከአገው እንደወሰደ ብዙ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። አገውኛ አንሰማም የሚል ሰው በአማርኛው ውስጥ በየዓረፍተ ነገሩ ሲሰማው ይውላል።

ስለ ሬዲዮ ደግሞ እንናገር፤ ይህ የእኛ የሾፌሮች የሙያ ዘርፍ ነው ማለት ይቻላል። የአገው ቋንቋዎች ሁሉ ዕጣቸው እንደ ቅማንትኛ አይደለም። አዊኛ በእንጅባራና በዙሪያው፣ ኽምጥኛ በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ዛሬም በልጅ አፍ ይነገራሉ። በሀገራችን ብዙ ቋንቋዎች በአንድ ጊዜ ሰሌዳ ላይ የወጡት በ1979 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲሆን ያኔ 15 ቋንቋዎች ተመርጠው ነበር። ከ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲና ከ1995ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ አዊኛና ኽምጥኛ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ገቡ፤ በአማራ ክልል ሬዲዮም ፕሮግራም አገኙ። ሬዲዮ ለአንድ ቋንቋ የሚያደርግለትን ነገር ጋዜጠኛው ያውቀዋል። ስለ ክትባት፣ ስለ በጀት፣ ስለ ማዳበሪያ ሲያወራ ቃል ሲያጣ ወይ ከአማርኛ ይበደራል፣ ወይ ሽማግሌ ጠይቆ የተረሳ ቃል ያነሣል፣ ወይም ራሱ ይፈጥራል። በየቀኑ ለዜና የሚፈለግ ቋንቋ ዝገት አይይዘውም።

ከአባሎቻችን የአንዱ እናት ከሰቆጣ መጥተው እዚሁ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ከእህታቸው ጋር በስልክ በኽምጥኛ ሲያወሩ የልጅ ልጆቻቸው «አያታችን ሌላ ዓይነት አማርኛ አላት» ይሉ ነበር። ልጃቸው አንድ ቀን የኽምጥኛውን ዜና በስልኩ ከፈተላቸው። ደስ ይላቸዋል ብሎ ነበር። እማማ እስከ መጨረሻው አዳምጠው «ይህ ልጅ የየት መንደር ሰው ነው? አነጋገሩ የእኛ አይደለም» ብለው ተቹት። ልጆቹ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የአያታቸው ንግግር ስም ያለው ቋንቋ መሆኑን አወቁ፤ ለልጅ ስልክ ውስጥ ያለ ነገር የታመነ ነውና። ትልቁ ልጅ አሁን እስከ አሥር መቁጠር ይችላል። እማማም ሲሳሳት አይስቁበትም።

ሆኖም ሬዲዮም ብቻውን አይበቃም። ይህን በግልጽ የሚያሳዩን ጎረቤቶቻችን የሃዋይ ሰዎች ናቸው። ላስ ቬጋስን «ዘጠነኛዋ ደሴት» ይሏታል፤ ዳውንታውን ካሊፎርኒያ ሆቴል በር ላይ ተራ የጠበቀ ሾፌር ሁሉ ያውቃቸዋል። በ1896 በወጣ ሕግ የሃዋይ ትምህርት ቤቶች ማስተማሪያ እንግሊዝኛ ብቻ ሆነ። ከዚያ በኋላ በሁለት ትውልድ ውስጥ ቋንቋው ከልጆች አፍ እየጠፋ ሄደ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቋንቋውን የሚናገሩት ልጆች ከሃምሳ እንደማይበልጡ ይነገር ነበር። ታዲያ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1972 ላሪ ኪሙራ የተባለ ወጣት መምህር «ካ ሌኦ ሃዋይ»፣ ማለትም «የሃዋይ ድምፅ» የሚል የሬዲዮ ፕሮግራም ጀምሮ ነበር። ሥራው ቀላል ነው፦ ቋንቋውን በእናት አፍ የሚያውቁ ሽማግሌዎችን ስቱዲዮ ይጋብዛል፣ ወይም በስልክ ያገኛቸዋል፣ ያጫውታቸዋል። ስለ ዓሣ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጠብ፣ ስለ ሠርግ ያወራሉ። ይህ በመቶ የሚቆጠር ሰዓት ቴፕ ሆኖ ተቀመጠ። በ1984 ወላጆችና መምህራን ተባብረው ሕፃናት ቀኑን ሙሉ ሃዋይኛ ብቻ የሚሰሙበት መዋያ ሲከፍቱ፣ ሕጉም በ1986 ሲለወጥ፣ በ1987 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሲከተሉ፣ ለመምህሩ የጠራ አነጋገር ማስተማሪያ የሆነው ያ ቴፕ ነበር። ሽማግሌዎቹ አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ቴፑ ተገልብጦ በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ በሂሎ ይገኛል፤ ተማሪዎች ዛሬም ያዳምጡታል። ሬዲዮውን ያለ መዋያው ብናስበው የናፍቆት ፕሮግራም ሆኖ ይቀር ነበር። መዋያውን ያለ ቴፑ ብናስበው ደግሞ ልጆቹ የሚማሩት ከመጽሐፍ የተለቀመ፣ እንግሊዝኛ እንግሊዝኛ የሚል ሃዋይኛ ይሆን ነበር።

ይህን ሁሉ ያልነው ለማኅበራችን አንድ ጥያቄ ይዘን ስለቀረብን ነው። በመካከላችን ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛና ከትግርኛ ሌላ አዊኛ፣ ኽምጥኛ፣ ጉራጊኛ፣ ሐረሪ የሚናገሩ አባትና እናቶች አሉ። አርጎብኛን ከሾንኬ በኩል ካሉ ዘመዶቻቸው የሰሙም አሉ። የቅዳሜ ትምህርት ቤታችን የሚያስተምረው አማርኛ ነው፤ እሱም ይቀጥል። እኛ የምንጠይቀው በወር አንድ እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። የእነዚህን ሰዎች ድምፅ እንቅዳ።

ሐሳቡን አስቀድመን ለአንዳንድ አባላት ስናካፍል ሁለት ተቃውሞ ገጠመን። አንደኛው፦ «ልጆቻችን አማርኛውም እያቃታቸው ነው፤ ጣሪያው ሲያፈስ አጥር እንሠራለን እንዴ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን አማርኛ ነገም ተናጋሪ አያጣም፤ የእኛ ልጅ ሃያ ዓመት ሞልቶት ልማር ቢል አዲስ አበባ ሄዶ ይማረዋል። የሾንኬ አርጎብኛ ወይም የጭልጋ ቅማንትኛ ግን ልጁን ሃያ ዓመት አይጠብቀውም። የሚቀድመው የሚያስቸኩለው ነው። ሁለተኛው፦ «ቋንቋ በቋንቋ እየለያያችሁ ማኅበሩን ትከፋፍሉታላችሁ» የሚል ነው። ይህን ያለን ሰው ከክፋት እንዳልተናገረ እናውቃለን፤ በሀገር ቤት የሆነውን ያየ ሰው ቢሰጋ አይፈረድበትም። መልሳችን ግን አሠራሩ ነው። ሁሉም በአንድ ክፍል ይቀመጥ። የሰቆጣዋ እናት በኽምጥኛ ሲያወሩ የሐረሩ ሰው ቡና ይዘው ያዳምጡ፤ እርሳቸውም ሲናገሩ እንዲሁ። ለእያንዳንዱ ቋንቋ የተለየ ክፍል ይሰጠው የሚል ሐሳብ ከመጣ እኛም አብረን እንቃወማለን።

አቀራረጹን በተመለከተ ከትምህርት ቤት የቀረን ጥቂት ነገር አለን። መምህራችን መቶ ቃላት የተጻፈበት ወረቀት ሰጥተውን ከአያቶቻችን ጠይቀን እንድንሞላ አዝዘውን ነበር፤ «ዓይን»፣ «እሳት»፣ «ድንጋይ» የሚል። እንዲህ ያለ ዝርዝር ለምርምር ይጠቅማል፤ ሽማግሌን ግን ያደክማል። ሰው የሚጫወተው ስለሚያውቀው ነገር ሲጠየቅ ነው። ጠላ እንዴት እንደሚጠመቅ፣ ንብ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ማን ለማን እንዴት እንደተዳረ፣ ልጅ ሲያለቅስ ምን እየተባለ እንደሚባበል፣ አረምን በየስሙ። ተናጋሪው ፈቃዱን አስቀድሞ ይስጥ፤ አይቀዳ ያለው ጸሎት ወይም የቤተሰብ ነገር አይቀዳ። ስሙ፣ የትውልድ መንደሩ፣ ቀኑና የቋንቋው ስም በመቅጃው መጀመሪያ ላይ በድምፅ ይነገር፤ ፋይሉ ከወረቀቱ ቢለይ እንኳ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ከዚያም በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ምን እንዳሉ ራሳቸው ይድገሙልን። ትርጉም የሌለው ቅጂ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚያወጣው ሰው ይታጣል። ቅጂው አንድ ለቤተሰቡ፣ አንድ ለማኅበሩ ይሁን፤ ባለቤቱ ግን ቤተሰቡ ነው። ቤተሰቡ ሲፈቅድ ደግሞ ስድስት ኪሎ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እንዲላክ እንጠይቃለን። ገንዘቡን በተመለከተ ሒሳብ ሹማችን እንዳይሰጉ፤ ስልኩ በየኪሳችን አለ፣ የሚገዛው አንገት ላይ የምትሰካ አነስተኛ ማይክሮፎን ብቻ ናት።

ወረቀቱ ከቡናው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጧል። ስምና የሚናገሩትን ቋንቋ መጻፍ ይበቃል፤ «እኔ ግማሹን ረስቼዋለሁ» የሚሉም ይጻፉ፤ ግማሹ ይፈለጋል። እስከ አሁን ሦስት ሰዎች ተመዝግበዋል። የመጀመሪያው ቀን የሚቀጥለው ወር ሁለተኛ እሑድ ነው። መኪና የሌላቸውን ወይም ሌሊት መንዳት የማይችሉትን አባትና እናቶች እኛ ከየቤታቸው አንሥተን እንመልሳቸዋለን። ከሎን ማውንቴን እስከ ሄንደርሰን ድረስ አራት ሾፌሮች ተራ ይዘናል። ሜትሩ ይዘጋል።